ከደሴ ወደ ላዳክ፦ የከፍተኛ ቦታ በረሃ ጉዞን ደረጃ በደረጃ ማቀድ

ላዳክ በሕንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሂማላያ ተራሮች ጀርባ የተዘረጋ ደረቅ ምድር ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ የሚመጣው ዝናብ አዘል ደመና በተራሮቹ ደቡባዊ ገጽ ላይ ስለሚራገፍ፣ በዋናው ከተማ በሌህ በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ደሴ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። ሌህ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር ላይ ነው። በረሃ ሲባል ከባቲ ቁልቁል ያለውን ሐሩር ለሚያስብ የወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ይሆንበታል፤ በበጋቸው እንኳ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ማታ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፣ አየሩም ከመድረቁ የተነሣ ከንፈር በአንድ ቀን ይሰነጠቃል።

ስለ ላዳክ የሚገኙ አብዛኞቹ የጉዞ መመሪያዎች የተጻፉት ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ ለሚነሣ ሰው ነው። የደሴ ነዋሪ ግን ቤቱ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል መሆኑን ሰውነቱ ቀድሞ ለምዶታል። ይህ ትልቅ ጥቅም ቢሆንም ሰውነት የለመደው እስከ 2,500 ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለደሴ ሰውም አዲስ ነው፣ «እኔ ደገኛ ነኝ» የሚል መተማመንም ሰውን የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከትኬት ወይም ከሆቴል ሳይሆን፣ በየሌሊቱ የሚያድሩበትን ከፍታ ከመወሰን መጀመር አለበት። የቀሩት ዝግጅቶች ይህን ተከትለው ይመጣሉ።

ወቅቱን መምረጥ

ለጉብኝት የሚመቸው ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው ነው። ደሴ በጭጋግና በዝናብ በምትሸፈንበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ሌህ ላይ ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ይሆናል፤ የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሊደርስ፣ ሌሊቱ ደግሞ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ይህ ጊዜ ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ጋር ስለሚገጥም ለመምህራንና ለተማሪዎች ይመቻል። በጥር ግን ሌህ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪና ከዚያም በላይ ትቀዘቅዛለች፣ ብዙ ማረፊያ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የቧንቧ ውኃም ይረጋል። ከልምድ ጋር ካልሆነ በስተቀር ይህን ጊዜ ማሰብ አይገባም።

ደረቅ አገር ነው ማለት ዝናብ ፈጽሞ አያሰጋም ማለት አይደለም። በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. ሌህ ላይ በድንገት የጣለ ኃይለኛ ዝናብ ዕፅዋት በሌለበት ቁልቁለት ላይ ደራሽ ጎርፍና የጭቃ ናዳ አስከትሎ ብዙ ሰው ገድሏል። ማረፊያ ሲመርጡ በደረቅ ወንዝ መውረጃ ዳር ያለውን መተው ይበጃል።

ሰነዶችን ማሟላት

ፓስፖርት ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግልና ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የሕንድን ቪዛ በተመለከተ አዲስ አበባ ያለው የሕንድ ኤምባሲ በወቅቱ የሚያወጣውን መመሪያ ማየት እንጂ ከዓመት በፊት የሄደ ሰው በነገረዎት ላይ መመሥረት አይገባም፤ የቪዛ ደንብ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ሕንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመድባት፣ የክትባት ካርዱን ያልያዘ መንገደኛ ዴልሂ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዞ እስከ ስድስት ቀን በለይቶ ማቆያ ሊቆይ ይችላል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መከተብ ዋጋ የለውም። ክትባቱ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ስላልሆነ የት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ከጤና ቢሮ መጠየቅ፣ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነም ለቪዛ ከሚሄዱበት ቀን ጋር ማገናኘት ወጪ ይቀንሳል። በካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን እዚያው ቆመው ይመልከቱ፤ «Mohammed»ን የመሰሉ ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚጻፉ በዚህ ምክንያት የሚጉላላ ሰው አለ።

ጫት በሕንድ ሕግ የተከለከለ መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ለራስም ሆነ ለሰው አደራ ተብሎ ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም።

ከፍታውን በወረቀት ላይ ማስላት

አንድ ወረቀት ወስደው በየቀኑ የሚያድሩበትን ቦታና ከፍታውን በቅደም ተከተል ይጻፉ። የተራራ ሐኪሞች የሚመክሩት ደንብ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጡ በኋላ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ማረፍ ነው። የሚቆጠረው የሚያድሩበት ከፍታ ነው፤ ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ ዝቅ ብሎ ማደር ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ሰውነትን ያለማምዳል።

ከደሴ ተነሥቶ ሌህ የሚያድር ሰው ከለመደው በ1,000 ሜትር ከፍ ይላል። ከኮምቦልቻ ለሚነሣው ልዩነቱ ሰፋ ይላል፤ ኮምቦልቻ ከሐረጎ በታች 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጭማሪው ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። የኮምቦልቻ ሰው ደሴ ዘመድ ካለው ከጉዞው በፊት ያለውን ሳምንት እዚያ ቢያድር ይጠቅመዋል። ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ፣ የመንገዱ ሁኔታ ሰላማዊ መሆኑን አጣርቶ፣ 2,840 ሜትር ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን ሁለት ሦስት ሌሊት ቢያድር ከደሴም የተሻለ ዝግጅት ያገኛል። ሻንጣ ተሸክሞ ጦሳን መውጣት እግርንና ሳንባን ያጠነክራል፤ ይሁን እንጂ ጉልበት የከፍታ ሕመምን፣ ማለትም ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅን በማነሱ የሚመጣውን ሕመም፣ አይከላከልም። ጠንካራ ወጣቶች ቶሎ ቶሎ ስለሚወጡ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚታመሙት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የዴልሂ ጉዳይ ነው። ዴልሂ ከባሕር ጠለል ከ200 ሜትር ብዙም አትበልጥም። ሰውነት ከደጋ ይዞት የመጣውን ልምድ በአንድ ቀን አያጣም፣ ቆላ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ከቆየ ግን አብዛኛው ይጠፋል። ታጅ ማሃልንና ዴልሂን መጎብኘት የሚፈልግ ሰው ይህን ከላዳክ በኋላ ያድርገው፤ ሲሄድ በዴልሂ ከአንድ ሌሊት በላይ ባያድር ይመረጣል። ለእኔ ከደሴ ለሚነሣ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው፣ የትኛውም የቆላ አገር መመሪያ አይነግረውምና።

በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ሆኖ እንደተገኘ ያሳያል። ነገሩ የሚያስደንቅ ቢሆንም የተጠኑት እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በአውሮፕላን በአንድ ጠዋት ሽቅብ ለሚወጣ የከተማ ሰው ዋስትና አይሆንም።

በመጨረሻም ሐኪም ያማክሩ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ሳይመረመሩ መሄድ የለባቸውም። ሐኪሞች ለመከላከያ የሚያዙት መድኃኒት አሴታዞላማይድ ሲሆን ብዙ ሰው በንግድ ስሙ ዳያሞክስ ብሎ ያውቀዋል፤ የተለመደው አወሳሰድ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ጣትን ይነዘንዛል፣ ሽንት ያበዛል፣ የለስላሳ መጠጥ ጣዕምም ያበላሻል። ሰልፋ ያለበት መድኃኒት የማይስማማው ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ትኬት መቁረጥ

ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ወይም በመኪና፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ፣ ከዴልሂ ወደ ሌህ ደግሞ በአገር ውስጥ በረራ ይሄዳሉ። ወደ ሌህ የሚደረጉት በረራዎች ከሰዓት በኋላ በሸለቆው ውስጥ በሚነሣው ነፋስ ምክንያት ጠዋት ላይ የተወሰኑ ናቸው፤ አየሩ ከተበላሸ የዕለቱ በረራ ሙሉ በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ ሻንጣውን ዴልሂ ላይ ተቀብለው፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ ጨርሰው፣ ምናልባትም ወደ ሌላ ተርሚናል ተሻግረው እንደገና ማስመዝገብ ስለሚኖርብዎ በመካከሉ በቂ ሰዓት ይተዉ። ሕንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ ትኬቱ ላይ 06:00 የሚለው የሕንድ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው።

ቀኑን ለመቀየር የሚፈቅድ ትኬት በዋጋ ቢወደድም ይመረጣል። ላዳክ ከፓኪስታንና ከቻይና ጋር የሚዋሰን ስለሆነ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ሕንድና ፓኪስታን በተጋጩ ጊዜ የሌህን ጨምሮ በሰሜን ሕንድ ያሉ በርካታ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለቀናት ተዘግተው ነበር። የጉዞ መድን ሲገዙም ውሉ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሸፍንና በሄሊኮፕተር ወይም በአምቡላንስ ማውረድን እንደሚጨምር ያንብቡ።

በመኪና መግባት የሚፈልግ ሰው ከካሽሚሯ ከተማ ከስሪናጋር በካርጊል በኩል ያለውን ሁለት ቀን የሚፈጀውን መንገድ ቢመርጥ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ካርጊል ስለሚያድር ለሰውነት ይቀላል፤ በተቃራኒው ከማናሊ ከተማ የሚመጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚያሳድር ለመግቢያ አይመከርም። የካሽሚርን የጸጥታ ሁኔታ በወቅቱ ማጣራት ግድ ነው።

ገንዘብና ስልክ

ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስለሚጠየቅ ሦስቱን ከነቅጂያቸው ይዘው ይሂዱ፤ የሚፈቀደውን መጠን ባንኩ ይነግርዎታል። ሌህ ላይ ኤቲኤም አለ፣ ከሌህ ውጭ ግን በጥሬ የሕንድ ሩፒ እንጂ በካርድ አይተማመኑ።

ዴልሂ ላይ የሚገዛ በቅድሚያ የሚሞላ ሲም ካርድ ላዳክ ውስጥ አይሠራም፤ ይህ በጸጥታ ምክንያት የተደነገገ ነው። ሌህ ሲደርሱ የአካባቢውን ሲም ማውጣት ወይም በሆቴሉ ዋይፋይ መጠቀም ይቻላል። ከከተማ ሲወጡ ለቀናት ድምፅዎ ሊጠፋ ስለሚችል ይህን ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሩ፣ ያለዚያ ደሴ ያለው ዘመድ ሁሉ ይሸበራል።

ልብስና ስንቅ

ልብሱ ተደራራቢ መሆን አለበት፦ ከውስጥ ላብ የማይይዝ ቀጭን ልብስ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያም ነፋስ የማያስገባ ወፍራም ጃኬት። ይህን አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም፤ ሰኞ ገበያ ያለው ሰልባጅ ውስጥ ጊዜ ወስዶ ለሚፈልግ ሰው ላባ የተሞላ የአውሮፓ ጃኬት በቅናሽ ይገኛል። ሲመርጡ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡት፣ ስፌቱን በጣትዎ ጨመቅ ያድርጉት፤ ላባ የሚያፈስ ከሆነ ይተዉት። ጋቢም ይያዙ፤ በአውሮፕላን፣ በመኪና፣ በብርድ ሌሊትም ያገለግላል፣ ታጥፎም ትራስ ይሆናል።

የፀሐዩ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ እየጨመረ ስለሚሄድ ጥቁር ቆዳ ያለውም ሰው ይቃጠላል። ባለ ሰፊ ጠርዝ ኮፍያ፣ ጨረር የሚከላከል መነጽር፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ለከንፈርና ለአፍንጫ ውስጥ የሚሆን ቫዝሊን ይያዙ። አየሩ ሲደርቅ ጠዋት አፍንጫ በትንሹ መድማቱ የተለመደ ነው፤ ማታ ማታ ቫዝሊን በትንሹ መቀባት ይከላከለዋል።

ስለ ምግብ የወሎ ሰው ብዙ አይቸገርም። የላዳክ ገበሬ ዋና እህሉ ገብስ ነው፤ ገብሱን ቆልቶ፣ አስፈጭቶ፣ በቅቤና በጨው ከተፈላ ሻይ ጋር አሽቶ ይበላዋል፣ ይህም ከእኛ በሶ ጋር ከቅቤው ሻይ በስተቀር ብዙም አይለይም። የራስዎን በሶ በትንሽ ከረጢት መያዝ ግን ይጠቅማል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ የለመዱት ነገር ይወርዳልና። የፍልሰታን ጾም ለሚጾም ሰው ሩዝና ምስር እንደ ልብ አለ፤ ነገር ግን ሕንዶች ከሥጋ ነጻ የሚሉት ምግብ ብዙ ጊዜ ቅቤና ወተት ስለሚገባበት፣ ያለ «ጊ» (የተነጠረ ቅቤ) እንዲሠራልዎት ለይተው ይዘዙ። ለሙስሊም ተጓዥ ደግሞ በሌህ ዋና ገበያ መካከል ጁምዓ መስጊድ አለ፣ በዙሪያውም ሐላል ምግብ የሚሸጡ ቤቶች ይገኛሉ።

በሌህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ከአውሮፕላን ሲወርዱ ደህንነት ይሰማዎት ይሆናል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ካለፉ በኋላ ስለሆነ ይህ አያታልልዎት። ሁለቱን ቀናት ምንም ሳያቅዱ ያሳልፉ። ቀስ ብሎ ገበያ ድረስ መራመድ ይበቃል፤ የሌህን ቤተ መንግሥትና ሻንቲ ስቱፓ የተባለውን የቡድሂስቶች ሐውልት ደረጃዎች ለሦስተኛው ቀን ያቆዩአቸው። አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት ፈጽሞ አይውሰዱ። ሽንት ነጣ ያለ እስኪሆን ድረስ ውኃ ይጠጡ። ቡና የለመደ ሰው ቡናውን ማቆም የለበትም፣ በድንገት ቢያቆም የሚመጣው ራስ ምታት ከከፍታ ሕመም ጋር ተምታቶ ሰውን ያሳስታልና።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይውሰዱት፤ ከዚያ ከፍ ወዳለ ቦታ አይሂዱ፣ እስኪሻልዎ እዚያው ይረፉ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳሉ ከበረታ ወይም ሮዝ አክታ ከተፋ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው። ንግግሩ ከተምታታ ወይም እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ አንጎሉ እያበጠ ነው። በቀጭን መስመር ላይ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያጋጠመ እንዲራመድ ቢጠይቁት መውደቁ ወይም መዘንበሉ ጉዳዩን ይለየዋል። በሁለቱም ጊዜ ጠዋት እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድና ኦክስጅን ማግኘት ያስፈልጋል። ሌህ ውስጥ ያለው ሶናም ኖርቡ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ማከም የለመደ ነው።

ከሌህ ወጣ ማለት

በአራተኛው ቀን በኢንደስ ወንዝ ዳር ያሉትን የሼይ፣ የቲክሴና የሄሚስ ገዳማት በመኪና መጎብኘት ይቻላል፤ ለእነዚህ ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም። ለኑብራ ሸለቆና ለፓንጎንግ ሐይቅ ግን የውጭ ዜጋ ሌህ ውስጥ ባለ ሕጋዊ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ለብቻው ለሚሄድ ሰው ስለማይሰጥ ድርጅቶቹ መንገደኞችን ያጣምራሉ። የፈቃዱን፣ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቅጂ በርከት አድርገው ይያዙ፣ በየኬላው አንዳንድ ይቀራልና።

መጀመሪያ ኑብራን፣ ከዚያ ፓንጎንግን ማድረግ ይሻላል። ወደ ኑብራ የሚወስደው መንገድ ካርዱንግ ላ በተባለው የተራራ በር ያልፋል፤ በቦታው የነበረው የቆየ ሰሌዳ 5,602 ሜትር ይል ነበር፣ በትክክል ሲለካ ግን 5,359 ሜትር ነው። ይህም ቢሆን ከራስ ዳሽን ጫፍ በ800 ሜትር ገደማ ይበልጣል፣ ኦክስጅኑም በባሕር ዳርቻ ካለው ከግማሽ ብዙም አይዘልም። ፎቶ ተነሥቶ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ መውረድ ይገባል። ማታ የሚያድሩበት የዲስኪትና የሁንደር መንደር 3,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማለትም ከሌህ በታች ስለሆነ እንቅልፍ ይሰጣል። ሁንደር ላይ በአሸዋ ክምር መካከል ባለ ሁለት ሻኛ ግመሎች አሉ፤ ባቲ ገበያ ላይ የአፋርን ግመል እያየ ያደገ ሰው ቆሞ ሳያያቸው አያልፍም።

የፓንጎንግ ሐይቅ 4,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከኑብራ በቀጥታ ሄዶ እዚያ ማደር የመኝታን ከፍታ በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚጨምር፣ አስጎብኚዎች ጊዜ ለመቆጠብ ቢያግባቡዎትም አይስማሙ። ወደ ሌህ ተመልሰው አንድ ሌሊት አድረው፣ ከዚያ በማግስቱ ማልደው ተነሥተው ደርሶ መልስ ቢያደርጉት፣ ቀኑ ቢረዝምም ከአደጋ ያድናል። እዚያው ማደር የግድ ከሆነ በሌህና በኑብራ ቢያንስ ስድስት ሌሊት ካደሩ በኋላ ይሁን፣ ኦክስጅን የያዘ መኪናም ሌሊቱን አጠገብዎ ይቁም።

መመለስ

ከሌህ ወደ ዴልሂ የሚመለሱበት በረራ ሊሰረዝ እንደሚችል ቆጥረው፣ ከዴልሂ ወደ አዲስ አበባ ከሚነሡበት ቀን በፊት ሁለት ሙሉ ቀናት ይተዉ። ምንም ሳይስተጓጎል ከደረሱ ሁለቱ ቀናት ለዴልሂና ታጅ ማሃል ላለባት ለአግራ ጉብኝት ይሆናሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ የሚያደርስዎትንም በረራ ከዴልሂ በሚገቡበት ቀን ሳይሆን ለማግስቱ ይያዙ።